ጋሽ ጣሂርና የአሊቹ ጭንቅላት

በዓለም ላይ ያለ መንደር ሁሉ፣ አንድን ነገር አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ማለፍ የማይችል ሰው አንድ አለው። መንደሩ መስጊድ ላይኖረው ይችላል፣ መንገድም ላይገባለት ይችላል፤ ይህ ሰው ግን አይታጣም። ፈጣሪ ምድርን ሠርቶ ሲጨርስ፣ ይህ ሰው ከኋላ ቆሞ «እዚህ ጋ ትንሽ ብትነካካው» ሳይል አልቀረም። ቤታችሁ ሲመጣ ሰላም ከማለቱ በፊት የበሩን ማጠፊያ ይፈትሻል። ስንሞትም ጉድጓዱ ወደ ግራ ጠሟል ብሎ ቀብራችንን የሚያስቆመው እሱ ነው።

የእኛው መንደር፣ የዲከንሊው፣ ክቡር ጋሽ ጣሂር ይባላሉ። ክቡር ያልኳቸው እኔ ነኝ እንጂ የሾማቸው የለም። ቢሾሙም ኖሮ መጀመሪያ የሚያሻሽሉት ሹመቱን ነበር። እኔ ኔዲም ነኝ፤ አደባባዩ ላይ ያለው ሻይ ቤት የእኔ ነው። የሻይ ቤት ባለቤት ሰው ለማወቅ መልፋት የለበትም፤ ሰው ራሱ መጥቶ ፊቱ ተቀምጦ ይታወቅለታል።

የጋሽ ጣሂር ዋና ደዌ አሊች ነው። አሊች ማንም ሳይተክለው ተራራችን ላይ የሚበቅል እሾሃም ዛፍ ነው። በግንቦት ነጭ አበባ ይለብሳል፤ በጥቅምት ከቀጋ ተለቅ የሚል ቢጫ ፍሬ ያፈራል። ፍሬው ግማሹ ሥጋ፣ ግማሹ ድንጋይ ነው፤ ስትበሉት አፋችሁ ውስጥ ዱቄት የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ይቀራል። ሌላው ሰው ይህን ዛፍ ሲያይ አሊች ያያል። ጋሽ ጣሂር የሚያዩት ግን ፒር መሆን ሲችል የሰነፈ ዛፍ ነው።

በመጋቢት፣ ውሃ ከሥር ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ የጋሽ ጣሂር ኮት ያብጣል። በግራው ኪስ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የፒር ቅርንጫፍ፣ በቀኙ ቢላዋና ልጥ አለ። አሊቹን ከወገቡ በላይ ይጎምዱታል፤ ጉማጁን ይሰነጥቁታል፤ የፒሯን ቁራጭ ስንጥቁ ውስጥ ሸጉጠው በልጥ ያስራሉ፤ በጭቃም ይለስኑታል። ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው እያዩት፣

«ሥሩ ጎበዝ ነው፤ ጭንቅላቱ ነው የጎደለው» ይላሉ።

ይህችን ቃል ያልተናገሩበት ነገር የለም። ስለ ሻይ ቤቴ ምድጃ ብለዋታል፤ ስለ መንደሩ ሊቀመንበር ብለዋታል፤ ስለ አማቻቸው ሲጠየቁም መልሳቸው ይህችው ነች።

ማዳቀሉን እሳቸው አልፈጠሩትም። በእኛ አገር ሽማግሌ መንገድ ዳር ያለ የዱር ዛፍ ካዳቀለ፣ መንገደኛ ፍሬውን በበላ ቁጥር ለሽማግሌው የሞቱ ወላጆች ሶደቃ ይሆንላቸዋል። ሌላው ሽማግሌ በዕድሜው አንድ ዛፍ አዳቅሎ ይበቃኛል ይላል። ጋሽ ጣሂር ግን ቅድመ አያቶቻቸውን ጨርሰው ወደ ጎረቤት ሙታን ተሻገሩ። «ለአባትህ ነፍስ ከምንጩ በላይ አንዱን አዳቅዬልሃለሁ» ብለውኝ ያውቃሉ፤ ያውም ሂሳብ ልከፍል ስነሳ እንደሚከለክል ሰው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

ከዛፍ ውጭ ያለውንም አይምሩም። አንድ ቀን ዞር ብዬ ስመለስ የምድጃዬን ጭስ ማውጫ ፈተውታል። «አንድ እጥፋት በዝቶበታል፤ ጭሱ እየዞረ ይደክመዋል» አሉኝ። ጭሱ ከዚያ በኋላ ሳይደክመው በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ያን ዕለት መንደሩ በሙሉ በረዶ ላይ ቆሞ እያለቀሰ ሻይ ጠጣ። የዱርሱንን ትዳርም እሳቸው ናቸው ያዳቀሉት። የዱርሱን ቤት እራት ቀርቦ እስኪነሳ ቃል የማይወጣበት ቤት ነበር፤ ከማዶ መንደር አፏ የማያርፍ ሙሽራ ፈልገው አመጡለት። ሁላችንም ያ አላህ አልን። ጸደቀ። ዛሬ የዱርሱን ሳቅ ሻይ ቤቴ ድረስ ይሰማል።

የሚያናድደው ይኸው ነው፤ ሰውዬው አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው። ፒሩም ቢሆን፣ እውነት ለመናገር፣ ውሃው እስከ ክርን የሚወርድ ፒር ነው። እኔ እያማረርኩ ነው የምበላው፤ ግን እበላለሁ።

እኚህን ሰው ማስቆም የቻለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ባለቤታቸው ሳፊዬ፣ ነፍሷን ይማርና። ጋሽ ጣሂር እቤታቸው የሆነ ነገር ሊነካኩ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ቀና ሳትል «ተወው» ትላለች። ይተዉታል። ጎረቤቱ ይህን ለማየት ሰበብ እየፈለገ ቤታቸው ይሄድ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ «ተወው» የሚል ስለጠፋ፣ ተራራው ሁሉ የእሳቸው ሆነ።

ጉዳቱ የገባን ዘግይቶ ነው። እኛ መንደር ወጣት ለውትድርና ሲሄድ፣ እናቱ ወይም አያቱ የመንደሩን አሊች በመርፌ ሰክታ እንደ መቁጠሪያ አንገቱ ላይ ታጠልቅለታለች። ልጁ መንገድ ለመንገድ እየበጠሰ ይበላዋል። የመጨረሻዋን ፍሬ ድንጋይ የመሰለች ዘር ግን ኪሱ ይከታታል፤ አገልግሎቱን ጨርሶ ሲመለስ መንደሩ አፈር ላይ ይጥላታል። ለምን እንደሆነ እናቴን ጠይቄያት ነበር። «አፈሩን በልቶ የሄደን ሰው አፈሩ ይጠራዋል» አለችኝ። እኔም አጥልቄ ሄጃለሁ፤ ተጠርቼም ይሁን ሰልችቶኝ ተመልሻለሁ። ፒር ደግሞ አንገት ላይ አይንጠለጠልም። ቢንጠለጠል ልጁን ወታደር ሳይሆን ለገበያ የተሸለመ በሬ ነው የሚያስመስለው።

በዚህ መካከል፣ ሰው በእግሩ በሚደርስበት አገር ቢላዋ ያልነካው አሊች አክስቴ ሐኒፌ ግቢ ያለው ብቻ ሆኖ ቀረ። መቃብሩ ቅጥር ውስጥ ያለውን ማንም አይቆጥረውም፤ የመቃብር ፍሬ ቤት አይገባም፤ የወፎች ነው። አክስቴ ሐኒፌ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የልጅ ልጇን ሴዳትን፣ እናቱ በጨቅላነቱ ስለሞተችበት፣ ያሳደገችው እሷ ነች። ከዚያ ልጅ ሌላ ቤቷ የቀረላት የለም። አባቱንም አጎቱንም ከዚያች አሊች ሰክታ ሸኝታለች፤ ሁለቱም ተመልሰዋል።

አምና በመጋቢት ዓይኗን ለመታከም ከተማ ወረደች። ጋሽ ጣሂር ይህችን ቀን ስንት ዘመን እንደጠበቋት አላህ ነው የሚያውቀው። ክፉ አላሰቡም። «ዓይኗ በርቶ ስትመለስ ፒር ታያለች» ብለው ለእኔ ራሱ ነግረውኛል፤ እኔም እየቀለዱ መስሎኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ከከተማ ያመጣኋት እኔ ነበርኩ። ግቢው በር ላይ ጋሽ ጣሂር ኮታቸውን ቆልፈው፣ ሊመረቁ እንደተጠሩ ሰው ቆመዋል። ከኋላቸው አሊቹ ወገቡ ላይ ተጎምዶ፣ በልጥ ታስሮ፣ በጭቃ ተለስኗል።

«እንኳን ደህና መጣሽ ሐኒፌ» አሉ። «ዓይንሽ እንዴት ሆነልሽ?»

«ያያል» አለች።

«እንግዲያውስ ይኸውልሽ። ሥሩ ጎበዝ ነው፤ ጭንቅላቱ ነው...»

«ጣሂር» አለቻቸው። «የሴዳት የውትድርና ጥሪ ለጥቅምት ነው።»

ጋሽ ጣሂር መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። ተጎምዶ የወደቀውን ቅርንጫፍ ፍለጋ መሬት መሬቱን አዩ፤ ቅርንጫፉ ግን እንደ ማገዶ ተቆራርጦ፣ በሥርዓት ተደርድሮ፣ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። ያን ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። አክስቴ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ገብታ በሩን ዘጋች። እኔም የያዝኩትን ዘንቢል የት እንደማስቀምጥ ጠፋኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸውን አልመለሰችም። ጋሽ ጣሂር መንገድ ላይ «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲሉ፣ አክስቴ ለፍየሏ «ነይ እንሂድ» ትላለች። የፒር ማርማላታ ላኩላት፤ ብልቃጡ ሳይከፈት ተመለሰ። ክዳኑ ላላ ያለ መስሏቸው አጥብቀው መልሰው ላኩት፤ አሁንም ተመለሰ።

ጥቅምት ገባ። ሴዳት ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሻይ ቤቴ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። ዞር ስል አክስቴ ሐኒፌ በሩ ላይ ቆማለች። እኛ ዘንድ ሴት ሻይ ቤት በር ላይ የምትቆመው ቤት ሲቃጠል ነው። ጋሽ ጣሂር ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

«ኔዲም» አለችኝ፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ። ልጁ ሐሙስ ይሄዳል።»

ሰውዬው ከእኔ ይልቅ ለእሷ ይቀርቡ ነበር።

«ኔዲም» አሉ ጋሽ ጣሂር በተራቸው፣ «ንገራት። ከተማ ገበያ ላይ ተሰክቶ ይሸጣል፤ እኔ እወርዳለሁ።»

«ንገረው። የሌላ አገር አፈር በልቶ የሄደ ወደ ሌላ አገር ነው የሚመለሰው።»

«ንገራት። ተራራ ወጥቼ አመጣለሁ።»

«ንገረው። ተራራው ላይ ምን አስቀረና?»

መልስም አልጠበቀችም። የሻርፗን ጫፍ ጥርሷ ውስጥ ይዛ ሄደች፤ አክስቴን እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም። ልጁ ሳይመለስ ይቀራል ብላ ፈርታ ነው፤ ያለ አሊች ክር የሄደ የለማ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ጣሂር ጆንያና ምርኩዝ ይዘው ወጡ። ጉልበታቸው ደረጃ እንኳ አያወጣም። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ጆንያውን ጎትተው ገቡና ሻይ ቤቴ ወለል ላይ ዘረገፉት። ፒር ነው።

«ከምንጩ በላይ ያለው?» አልኳቸው።

«ፒር።»

«ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውስ?»

«ፒር።»

«ከሸንተረሩ ማዶ፣ እረኛ እንኳ የማይደርስበት?»

«ፒር» አሉ። አንዱን ከወለሉ አንስተው እያዩ ደግሞ፣ «በጣም ጥሩ ፒር» አሉ። «ኔዲም፣ የሄድኩበት ሁሉ እኔ ቀድሜ ደርሼ ነው የጠበቅኩኝ።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዱርሱን «እንግዲህ ልጁን ፒር እናስታጥቀው፤ ጠላት ላይ ይወረውረዋል» አለ። ጋሽ ጣሂር አልሳቁም። ሻይ አቀረብኩላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሳሉ፣ ቀጥኗል ወይም ወፍሯል ይላሉ፣ ማንኪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውራሉ። ያን ቀን አልነኩትም። ማንኪያው እንዳስቀመጥኩት ተቀምጦ ሻዩ ቀዘቀዘ። ያኔ ነው እኔም መሳቄን የተውኩት።

ሐሙስ መጣ። አደባባዩ ላይ ከበሮ ይመታል፣ ዙርና የሚሉት ጡሩንባ ይነፋል፤ የሴዳት ጓደኞች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይጨፍራሉ፤ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሴዳት የሽማግሌዎቹን እጅ እየሳመ ግንባሩ ላይ ያደርጋል። አክስቴ ሐኒፌ ባዶ እጇን ታቅፋ ቆማለች። ሰዉ ዓይኑን ከልጁ አንገት ላይ ያሸሻል።

ጋሽ ጣሂር በላይኛው መንገድ መጡ። ላይኛው መንገድ ወደ መቃብሩ ነው የሚወስደው፤ ሌላ የትም አይወስድም። ፊታቸውና እጃቸው ተቦጫጭሯል፤ የኮታቸው እጅጌ ተቀዷል። በእጃቸው አንድ የአሊች ክር ይዘዋል። ፍሬው ደቃቃ ነው፤ ወፍ የቀመሰውም አለበት፤ አሰካኩ ተንጋዷል። የተሰካውም በክር አልነበረም፤ በዚያ ዛፍ በሚያስሩበት ልጥ ነው።

ከበሮው ቆመ። ሁላችንም ያን ዛፍ እናውቀዋለን፤ ከሳፊዬ መቃብር ራስጌ ነው ያለው። ጋሽ ጣሂር በየዓርቡ ሄደው ሥሩ ይቀመጣሉ። ከአገሩ አሊች ሁሉ ለቢላዋቸው የሚቀርበው እሱ ነበር፤ እንዴት ሳይዳቀል እንደቀረ ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

«የሳፊዬ ነው?» አለች አክስቴ። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው።

«የሳፊዬ ነው።»

«ምነው ሳታዳቅለው?»

ጋሽ ጣሂር ክሩን እያዩ፣ «ተወው ብላኝ ነበራ» አሉ። «እሷ ኮምጣጣውን ነው የምትወደው።»

ከኋላ ዱርሱን ቀስ ብሎ «የመቃብር ፍሬ ቤት አይገባም እኮ» አለ። የኖረ ሕግ ነው፤ ለልጁ ማንም ሊከራከርለት አልቻለም። ጋሽ ጣሂርም አንገታቸውን ደፉ።

አክስቴ ሐኒፌ ክሩን ከእጃቸው ተቀበለች። «ቤት የሚገባ ማን አለ?» አለች። «ልጁ የሚሄደው መንገድ ነው።»

ሴዳትን ጎንበስ አድርጋ አጠለቀችለት። ጉንጩን ስትስመው ክሩ ትንሽ ወደ ጎን ዞረ። ይህን ጊዜ፣ በአላህ ስም እነግራችኋለሁ፣ ጋሽ ጣሂር እጃቸውን ዘረጉ። መንደሩ በሙሉ እንባውን እየጠረገ ባለበት ሰዓት፣ የክቡርነታቸው እጅ ክሩን ወደ መሃል ሊያስተካክል ሄደ።

«ተወው ጣሂር» አለች አክስቴ።

እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ኪሳቸው ተመለሰ። ልጁ ክሩ እንደተንጋደደ ሚኒባሱ ላይ ወጣ።

ሴዳት የስድስት ወር አገልግሎቱን ጨርሶ በሚያዝያ፣ በረዶው ቀልጦ፣ የጋሽ ጣሂር ኮት እንደ ልማዱ ባበጠበት ሰሞን ተመለሰ። ሻይ ቤቴ በር ላይ ወረደ። አያቱን አቅፎ ከለቀቃት በኋላ ኪሱ ገብቶ ድንጋይዋን አወጣ። እንደ ሁላችን አፈር ላይ ጣል ያደርጋታል ብለን ስንጠብቅ፣ ሄዶ ጋሽ ጣሂር መዳፍ ላይ አስቀመጣት።

«እርስዎ ይትከሉት፣ ጋሼ» አላቸው።

ጋሽ ጣሂር አገላብጠው አዩአት። ስለ ድንጋይዋ ጉድለት አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሉም። ከሻይ ቤቴ ጀርባ፣ የመኪና ጎማ ከማይደርስበት፣ በዚያው በማዳቀያ ቢላዋቸው ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ድንጋይዋን ቀበሩና ቦታውን በምርኩዛቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት።

«አሊች እንቅልፋም ነው፤ ሁለት በረዶ ካላለፈበት አይነቃም» አሉኝ። «ማንም እንዳይነካው።»

እኔም በቦታው ዙሪያ ማገዶዬን ከመርኩበት። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ለፍየል ነው አልኳቸው። የትኛውን ፍየል እንደፈራሁ ሁለታችንም እናውቃለን።

ዛፉ እስኪበቅል ሁለት ዓመት፣ ግንዱ ቢላዋ እስኪያምረው ድረስ ደግሞ ብዙ ይቀራል። ጋሽ ጣሂር ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጉልበታቸውም እንደነገርኳችሁ ነው። እኔ እንደ አክስቴ ጸሎት አዘውታሪ አይደለሁም። ግን ጠዋት ጠዋት ምድጃውን እያቀጣጠልኩ አንዲት ነገር እለምናለሁ፤ ያ አሊች አድጎ፣ አብቦ፣ እጃቸውን እስኪበላቸው ድረስ ሰውዬውን እንዲያቆይልኝ። ቢላዋቸውን ይዘው «ሥሩ ጎበዝ ነው» እያሉ የመጡ ቀን በዱላ አባርራቸዋለሁ፤ ከዚያ ጠርቼ ሻይ እሰጣቸዋለሁ።